የኪራይ መርከስ ብቻውን የኑሮ መርከስ አይደለም

የመኖሪያ ቤት ጉዳይ በአንድ አባወራ ደጃፍ ተጀምሮ በዚያው ደጃፍ የሚያልቅ የግል ጭንቀት አይደለም። አንድ ቤተሰብ ኪራዩ ከብዶት ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ከቦሌ ወይም ከገርጂ ወደ የካ አባዶ ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ ሄደ ሲባል፣ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የአንድ ቤተሰብ ውሳኔ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ከውሳኔው በስተጀርባ የመሬት ዋጋ፣ የደመወዝ መጠን፣ የመጓጓዣ አቅርቦትና የከተማው አገነባብ በአንድነት ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። ስለዚህ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ይሂድ ወይስ ይቅር?» የሚለው ብቻ አይደለም። በምን ሁኔታ ይሂድ? የመሄዱንስ ዋጋ ማን ይከፍላል? ዛሬ ልናተኩርበት የምንፈልገው ነጥብ ይህ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች በየሰፈሩ ሲንጸባረቁ ይሰማሉ። የመጀመሪያው የሰፈርን ስም እንደ ማዕረግ የሚቆጥረው አመለካከት ነው። በዚህ አስተሳሰብ የተያዘ ሰው ከደመወዙ የሚበልጠውን ክፍል ለኪራይ ገብሮ፣ የልጆቹን ወተትና ደብተር ቀንሶ፣ ከዕቁብና ከባልንጀራ ተበድሮም ቢሆን ስም ባለው ሰፈር መሰንበትን ይመርጣል። ወደ ከተማው ዳር መሄድ ለእርሱ ከሰው በታች መሆን ነው። ይህ ባዶ ኩራት የሚጠቅመው አከራዩንና ደላላውን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም። በላቡ የሚያድር ሰው ክብሩ ከሥራው እንጂ ከሰፈሩ ስም አይመነጭም።

ሁለተኛው አመለካከት ደግሞ የመጀመሪያው ተቃራኒ መስሎ ይቅረብ እንጂ በስሕተቱ አያንስም። «መሐል ከተማው ከተወደደ ወደ ዳር መውጣት ነው፤ በዚያ ቤት ርካሽ ነው» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የዳሩን ኑሮ በሥራ ቀን ማለዳ ያላዩት ናቸው። ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ መኖሪያ ቤት ጥያቄ መጻፍ በጀመራቸው ተከታታይ ጽሑፎች፣ የሠራተኛውን ሰፈር ከመሐል ከተማ ማስነሣት ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውረው እንጂ እንደማይፈታው አመልክቶ ነበር። ዛሬም ቢሆን ሠራተኛው ሲርቅ ችግሩ አብሮት እንደሚጓዝ ልብ ሊባል ይገባል።

ያለንበትን ሁኔታ በትክክል ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ተከራይ ቅናሽ አደረገ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ድርጅት እንዲተዳደሩ ተደረገ። እርምጃው የኪራይን ሸክም ከብዙኃኑ ትከሻ ላይ አቅልሏል። ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና እንኳ የማይበቃ ስለ ነበር ቤቶቹ ከዓመት ወደ ዓመት አረጁ፤ አዲስ ቤትም የሕዝቡን ቁጥር ተከትሎ አልተሠራም። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ኪራይን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ቤት አይሆንም፤ ቤቱ መሠራትም መጠገንም አለበት።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታለመ ሰፊ ጥረት ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ተመዝጋቢው ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር እንዲከፍል ተደርጓል፤ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መወሰኑም የሚመሰገን ነው። ግንባታው ሲሰፋ ግን ነፃ ቦታ የሚገኘው በከተማው ዳርቻ ስለ ሆነ ሕንፃዎቹ ከሥራ ቦታዎች እየራቁ ሄዱ። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ መሥመር አያት ላይ ያበቃል፤ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ከዚያም አልፈው ይገኛሉ። ቤት ከደረሳቸው መካከል ቤታቸውን አከራይተው ራሳቸው ወደ ሥራቸው በቀረበ ሰፈር ተከራይተው የሚኖሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። ይህን አድራጎት ከትርፍ ፍለጋ ጋር ብቻ አያይዞ ማውገዝ ተጨባጩን ሁኔታ አለመመርመር ይሆናል። ርቀት ራሱን የቻለ ኪራይ መሆኑን ሰዎቹ በኑሯቸው ስለ ደረሱበት ነው።

ይህን ለማስረዳት አንድ ስሌት እናቅርብ። አኃዞቹ ለአብነት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ ማስታወቂያ አይደሉም። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች የሆኑበት፣ ሁለት ተማሪ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በወር 15 ሺህ ብር ከሚከፍልበት ቤት 8 ሺህ ብር ወደሚከፍልበት ቤት ቢዛወር በኪራይ ብቻ 7 ሺህ ብር ያተርፋል። ነገር ግን ቀድሞ በእግራቸው ከሥራ ይደርሱ የነበሩት ባልና ሚስት አሁን ታክሲ እየቀያየሩ በቀን 100፣ 100 ብር ቢያወጡ በ26 የሥራ ቀናት 5 ሺህ 200 ብር ይሆናል። በእጃቸው የሚቀረው 1 ሺህ 800 ብር ነው። ልጆቹ በቀድሞው ትምህርት ቤታቸው እንዲቆዩ ተወስኖ ለሁለቱ በቀን 200 ብር ቢወጣ ደግሞ፣ በ22 የትምህርት ቀናት 4 ሺህ 400 ብር ይጨመራል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ርካሽ ቤት አግኝቶም በወር 2 ሺህ 600 ብር ከሳሪ ይሆናል። ልጆቹ በአዲሱ ሰፈር ቢማሩ ግን ያችው 1 ሺህ 800 ብር ትተርፋለች። እንግዲህ ትርፉንም ኪሳራውንም የሚወስነው የቤቱ ኪራይ ሳይሆን በአቅራቢያው ደኅና ትምህርት ቤት መኖር አለመኖሩ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ መምጣቱ ሲታሰብ የመጓጓዣው ወጪ ባለበት የሚቆም አለመሆኑም ግልጽ ነው።

በብር የማይሰላ ሌላ ወጪም አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። በመዛወሩ ምክንያት የሠራተኛው ጉዞ በቀን 3 ሰዓት ቢረዝም በ6 የሥራ ቀናት 18 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከመደበኛው የሥራ ሳምንት ከሲሶ በላይ ነው። ለዚህ ሰዓት ደመወዝ የሚከፍል የለም። የሚቀነሰው ከእንቅልፉ፣ ከልጆቹ ጨዋታ፣ ከንባቡና ከማኅበራዊ ተሳትፎው ነው። ሸክሙ ከሁሉ የሚከብደውም በሴቷ ላይ ነው። ውጭ ውላ የምትገባው እናት ውኃ በጀሪካን ወደ አራተኛ ፎቅ ማውጣትና እራት ማድረስ ይጠብቃታል። እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት በመሸጥ ወይም በጉልት ንግድ የምትተዳደር ከሆነች ደግሞ ሰፈር ስትለቅ ደንበኞቿን ትታ ትሄዳለች። ይህን ገቢ በቤተሰቡ ስሌት ውስጥ የሚያስገባው አባወራ ስንት ነው?

ከዕቃ ጋር የማይጫነው ሌላው ሀብት ጉርብትናና ዕድር ነው። ዓመታት ሙሉ ያዋጣው ዕድርተኛ ሲርቅ በቀብርና በለቅሶ ላይ መገኘት ያቅተዋል፤ ቀስ በቀስም ከአባልነት ይወጣል። በአዲሱ ሰፈር ያለው ዕድር ደግሞ መግቢያ ይጠይቀዋል። ከዚህ የተነሣ ቤተሰቡ ከሁሉ ይበልጥ ደጋፊ በሚያስፈልገው በመጀመሪያው ዓመት ያለ ደጋፊ ይቀራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ብሂል እውነትነቱ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማለታችን ማንም ካለበት አይነቃነቅ ለማለት አይደለም። ከአቅም በላይ የሆነ ኪራይ እየከፈሉ በዕዳ ከመዘፈቅ ወደ ርካሽ ሰፈር መዛወር ብልኅነት የሚሆንበት ሁኔታ ብዙ ነው። ሊሰመርበት የሚገባው፣ መዛወሩ በሽሽት ሳይሆን በዕቅድ፣ በተናጠል ሳይሆን በመደጋገፍ መፈጸም ያለበት መሆኑ ነው።

በቅድሚያ፣ ተከራዩ ዕቃውን ከመጠቅለሉ በፊት መብቱን ይወቅ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ደንግጓል። ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት ነው። በቃል ትእዛዝ ብቻ «በሚቀጥለው ወር ጨምር ወይም ውጣ» የተባለ ቤተሰብ ወደ ዳር ከመሄዱ በፊት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሊሄድ ይገባል። ሕጉን የማያውቅ ተከራይ ሕጉ እንደሌለ ያህል ነው፤ ስለዚህ በየሰፈሩ ሕጉን ማስረዳት የነዋሪዎች ማኅበራት ተግባር ሊሆን ይገባል።

መዛወሩ የማይቀር ሲሆንም ውሳኔው የአባወራው ብቻ መሆኑ ይቅር። ባልና ሚስት ከነፍስ ካወቁ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ኪራዩን፣ የታክሲውን፣ የትምህርት ቤቱንና የሚቀርባቸውን ገቢ በአንድ ወረቀት ላይ ያስሉ። ቤቱን በእሑድ ከሰዓት አይተው አይዋዋሉ፤ በሰኞ ማለዳ ከዚያ ተነሥተው እስከ ሥራ ቦታቸው ይጓዙና ሰዓቱን ይለኩ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከደላላው ሳይሆን ከነዋሪው ይጠይቁ። ልጆች በዓመቱ መካከል ከትምህርታቸው እንዳይፈናቀሉ ጉዞው በክረምት ይሁን፤ የትምህርት ቤት ማስረጃና የወረዳ መሸኛም አስቀድሞ ይያዝ።

የነዋሪዎች ማኅበራትና ዕድሮች ድርሻ ከዚህ አያንስም። ለአዲስ ገቢው የመግቢያ ክፍያውን በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል መፍቀድ፣ የቀድሞው ዕድርም ለራቀው አባል መገኘት ባይችል እንኳ መዋጮውን እየከፈለ የሚቆይበትን ደንብ ማውጣት ይቻላል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ የተሠሩት የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች ለለቅሶና ለድግስ ብቻ ከሚከፈቱ፣ ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ ልጆች የሚያጠኑባቸው ቢሆኑ የሚከለክል የለም። የሠራተኛ ማኅበራት በበኩላቸው በኅብረት ስምምነት ድርድራቸው ውስጥ የሰርቪስን ጉዳይ ከደመወዝ እኩል ያንሡ። ሠራተኛውን በሰዓቱ የሚፈልገው ድርጅት የመንገዱንም ዋጋ መጋራቱ ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ኃላፊነት ግን በከተማው አስተዳዳሪዎችና ዕቅድ አውጪዎች ላይ ይወድቃል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በከተሞች ዳርቻ የተስፋፉት ሚክሮራዮን የሚባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች መሠረተ ሐሳባቸው ትምህርት ቤቱ፣ መዋዕለ ሕፃናቱና የዕለት ሸቀጥ መሸጫው በእግር በሚደረስበት ርቀት እንዲገኙ ነበር። በተግባር ግን ሕንፃው ቀድሞ ሱቁና መጓጓዣው የዘገየበት ሰፈር ጥቂት አልነበረም፤ ነዋሪውም ለዓመታት በጭቃ መንገድና በአውቶቡስ ወረፋ ከፍሎበታል። ሐሳቡንም ጉድለቱንም ልንማርበት ይገባል። ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሥራ የሚያደርስ መንገድ፣ ልጅ የሚማርበት ክፍል፣ የሚወርድ ውኃና የሚጠየቅ ጎረቤት ሲጨመርበት ነው ቤት የሚሆነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው የተሸከመውን የርቀት ዋጋ አሠሪው፣ ማኅበሩና አስተዳደሩ በየድርሻቸው ሲካፈሉት፣ ወደ ከተማው ዳር የሚወጣው ሠራተኛ ከኑሮ የተገፋ ሳይሆን ኑሮውን የሚያደላድል ዜጋ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን ርካሽ ቤት የሚባለው ሁሉ ዋጋው በሠራተኛው ሰዓትና በእናቲቱ ጉልበት የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ይቆያል።