የተደበቀ ማንነት የማን ሥራ ነው? «ኤ ሂስትሪ ኦፍ ቫዮለንስ»ን እንደገና መመልከት

እ.ኤ.አ. በ2005 ለዕይታ የበቃው የዴቪድ ክሮነንበርግ ፊልም «ኤ ሂስትሪ ኦፍ ቫዮለንስ» የአንድ ሰው የተከፈለ ሥነ ልቦና ታሪክ ተደርጎ ለመነበብ ይመቻል። ቶም ስቶል በኢንዲያና ግዛት፣ ሚልብሩክ በተባለች ትንሽ ከተማ ምግብ ቤት ከፍቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። አንድ ምሽት ለዝርፊያ የገቡ ሁለት ነፍሰ ገዳዮችን በቅጽበት ገድሎ የከተማዋ ጀግና ይሆናል። ዝናው ግን አንድ ዓይኑ የተጎዳውን ወንበዴ ካርል ፎጋርቲን ከፊላደልፊያ ይጠራበታል፤ ፎጋርቲም «ጆይ» እያለ ያነጋግረዋል። ተመልካቹ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቶም በእርግጥ ጆይ ኩሳክ ነውን?

ፊልሙ ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ የሚሰጠው ሊያበቃ ብዙ ሲቀረው ነው። ምስጢር ለመግለጥ ብቻ የተሠራ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። የቀረው ክፍል የሚመረምረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እውነቱ ከታወቀ በኋላ ሐሰቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ።

በዚህ ረገድ ከተኩሱ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሸሪፉ ሳም ወደ ቤተሰቡ ቤት የሚመጣበት ትዕይንት ነው። ሸሪፉ ጠርጥሯል፤ ቶምም ሊናገር የተቃረበ ይመስላል። በዚህ መካከል ሚስቱ ኢዲ ገብታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እያለቀሰችም ባሏ እነሆ የሚታየው ሰው እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ታረጋግጣለች። ኢዲ ጠበቃ ናት። ለሕግ አስከባሪ ሐሰት መናገር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሸሪፉም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ቶም ስቶል የተባለው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የተወለደው በዚህ ሰዓት ነው፤ ወላጆቹም ሚስቱና የከተማው ሸሪፍ ናቸው። ደጁ እንደተዘጋ ባልና ሚስት የሚጋጩበት ምክንያትም ከዚህ ይመነጫል፤ ኢዲ የተታለለች ብቻ ሳትሆን ተባባሪም ሆናለች።

የቪጎ ሞርተንሰን ትወና ለተቃራኒው ንባብ ድጋፍ እንደሚሰጥ አይካድም፤ ድምፁና አመለካከቱ ሲለወጡ ሁለት ሰው በአንድ አካል ያደረ ይመስላል። ነገር ግን በሆስፒታሉ ትዕይንት ቶም «ስቶል» የሚለውን ስም የወሰደው ክፍት ሆኖ ስላገኘው እንደሆነ ይናገራል፤ ኢዲም እርሷም እንዲሁ ክፍት ሆና የተገኘች መሆኗን በምሬት ትመልሳለች። ጥያቄው ከአንድ ሰው አእምሮ ወጥቶ ስሙን ለወረሱት ሰዎች ተላልፏል። (ከተማዋም ብትሆን ስም ተውሳለች፤ የኢንዲያናዋ ሚልብሩክ የተቀረጸችው በካናዳ፣ ኦንታሪዮ በምትገኝ ሚልብሩክ ነው።)

ከኦርሰን ዌልስ የ1946 ፊልም «ዘ ስትሬንጀር» ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። በዚያ ፊልም ናዚው ፍራንዝ ኪንድለር በኮኔቲከት ግዛት ትንሽ ከተማ መምህር ቻርልስ ራንኪን ሆኖ ተደብቋል። አዲሷ ሚስቱም በመጀመሪያ ትሸፍነዋለች። ሆኖም መርማሪው ከውጭ ይመጣል፣ ሚስቲቱ እውነቱን ትቀበላለች፣ ወንጀለኛው ከሰዓት ማማው ወድቆ ይሞታል፤ ከተማዋ ንጹሕ እንደነበረች ትቀራለች። ክሮነንበርግ ይህን መጽናኛ ነፍጓል። ቢሆንም ፊልሙ እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ ታሪኩ ወደ ፊላደልፊያ ሲሻገር የከተማዋ ሰዎች ጨርሰው ይረሳሉ፣ የወንድሙ የሪቺ ቤት ግድያም ከሌላ ቀለል ያለ ፊልም የተቀዳ ይመስላል።

የመጨረሻው የእራት ትዕይንት ግን ሁሉንም ይመልሳል። ቶም ወንድሙን ገድሎ ሲመለስ ቤተሰቡ በማዕድ ተቀምጧል፤ ቃል የሚናገር የለም። ይህን ይቅርታ ብሎ መሰየም መቸኮል ነው። ሳህን አንሥታ ፊቱ የምታስቀምጠው ትንሿ ልጅ ሣራ ናት፤ ከሁሉም ያነሰ የምታውቀው እርሷ ናት። ቀጥሎ ምግቡን የሚያቀብለው ጃክ ግን ሁሉን ያውቃል፤ ፎጋርቲን በግቢያቸው ተኩሶ የገደለውም እርሱ ነው።