የጾሙ ወቅት የዶሮ ሕክምና ወቅት ይሁን

የገና በዓል ሲቃረብ በላሊበላ ከተማ የዶሮና የእንቁላል ገበያ ይደራል። በዓሉን በቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለማክበር ከየአካባቢው የሚጓዘው ምዕመን ብዙ በመሆኑ፣ ወቅቱ ለላስታ አርሶ አደሮች፣ በተለይም የዶሮ ገቢ በእጃቸው ለሆነው ሴቶች፣ የጨውና የደብተር ወጪ የሚሸፈንበት ነው። ይሁን እንጂ ከጓሮ የሚወጣው ዶሮ ሁሉ ገበያውን አይመጥንም። ደረቱ የሰላ፣ ላባው የረገፈ፣ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ የገረጣ ዶሮ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ አለዚያም ወደ ቤት ይመለሳል።

ዶሮ ሲከሳ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ፈንግል ነው። ፈንግል ግን መንደሩን በቀናት ውስጥ ያራግፋል እንጂ ዶሮን ለወራት አያከሳም። ቀስ በቀስ የሚያከሱት የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተውሳኮች ናቸው። ዶሮውን ወዲያው ስለማይገድሉት ጉዳታቸው አይወራም፤ የሚበላውን ጥሬና እንቁላሏን ግን ይካፈላሉ። የአገር ዝርያ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ እንቁላል ብቻ የምትጥል በመሆኗ፣ ከዚያ ላይ የሚቀነሰው ለቤተሰቡ ቀላል አይደለም።

በላስታ ደጋ ዶሮ ብርድንና አውሬን ሸሽቶ የሚያድረው አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። የምድጃው ሙቀት ዶሮውን ቢጠቅምም ለዶሮ ቅንቅንም ይመቻል። ደም መጣጩ ቅንቅን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተደብቆ፣ ሌሊት ወጥቶ ይመጣል፤ ዶሮ ባያገኝ እንኳ ለወራት ይቆያል፤ ሰውንም ይነክሳል። ስለዚህ ዶሮዋን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው። ቅማል ግን ዕድሜውን ሙሉ ዶሮው ላይ ይኖራል፤ ቅጫሙን ከላባ ሥር ይለጥፋል። ቁንጫ በዓይንና በአናት ዙሪያ ተጣብቆ ይታያል። የእግር ቅርፊት ተነሥቶ የሚሻክረው ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር በሚኖር ደቃቅ ተውሳክ ነው።

የውስጥ ተውሳክን ለመለየት ሁልጊዜ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል ዶሮ የምትገነጥል እናት አንጀት ውስጥ ረዥም ነጭ ወስፋት ወይም ጠፍጣፋ የኮሶ ትል ካየች፣ የተቀሩት ዶሮዎችም ሳይያዙ አይቀሩም። የወስፋት እንቁላል ከኩስ ጋር ወጥቶ እርጥብ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ የኮሶ ትል ደግሞ ዶሮ በምትለቅመው ጥንዚዛና ጉንዳን በኩል ይተላለፋል። የተገነጠለውን አንጀት ለዶሮዎች መጣል በሽታውን መመለስ ስለሆነ መቅበር ይገባል። ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካስቀመጣቸው ግን መንስኤው ኮክሲዲያ ሊሆን ይችላል። የትል መድኃኒት ለዚህ አይሠራም፤ በፍጥነት ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

አርሶ አደሩን ከሕክምና የሚያርቀው አንዱ ምክንያት መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ በመለያው ላይ ለተጻፉት ቀናት እንቁላልና ሥጋ ለምግብ አለመዋሉ ነው። ለዚህ መፍትሔው በአካባቢው የጾም አቆጣጠር ውስጥ ይገኛል። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ከ40 ቀናት በላይ ይቆያል። የእንቁላል ፈላጊ በሚቀንስበት በዚህ ወቅት መጀመሪያ ዶሮው ቢታከም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢደገምና የመጠበቂያው ቀን ቢያልፍ፣ ለገና ገበያ የዳነ ዶሮ ይደርሳል። የሐዋርያት ጾምም የክረምቱ ዝናብ ከመጠናከሩ በፊት ለሚሰጠው ሕክምና አመቺ ነው። ሕፃናት፣ የማይጾሙ ቤተሰቦችና ሆቴሎች በጾምም እንቁላል ስለሚጠቀሙ፣ የመጠበቂያ ቀኑ ያላለፈ እንቁላል ለእነርሱም መሸጥ የለበትም።

የሕክምናው ቅደም ተከተልም ከቆጡ ይጀምራል። የቆጡን እንጨት ወደ ውጭ አውጥቶ የፈላ ውኃ ማፍሰስና ፀሐይ ላይ ማዋል፣ ኩሱን ጠርጎ ማራቅ፣ ስንጥቁን በኖራ መድፈን፣ ዶሮው የሚንከባለልበት ደረቅ አፈርና አመድ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የለውም። ቀጥሎ ሁሉም ዶሮዎች በአንድ ቀን ይታከማሉ። ፒፐራዚን ለወስፋት እንጂ ለኮሶ ትል ስለማይበቃ፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊወሰን ይገባል። የሰብል ፀረ ተባይን ዶሮ ላይ መርጨት ዶሮውንም ሰውንም ይመርዛል።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተሻሻለ ዝርያ ያላቸውን ቄቦች ማሰራጨት ከወረዳዎች ተግባራት አንዱ ሆኗል። ቅንቅን ወዳለበት ቆጥና ወስፋት ወዳለበት ጓሮ የሚገባ ቄብ ግን በመኖ የተገነባ አቅሙን በጥቂት ወራት ያጣል። የሪፖርቱ ዓምድ የተሰራጨውን ዶሮ ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ሥራው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለና ስንቱ እንቁላል እንደሚጥል መቆጠር አለበት።

አምስት ዶሮ ያላት እናት ለብዙ ዶሮ የታሸገ መድኃኒት ብቻዋን ገዝታ አትጨርስም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን ያዳረሰው ጦርነት የጎዳው የእንስሳት ጤና አገልግሎትም እያንዳንዱን ቤት መድረስ ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀበሌዎች በጾሙ መግቢያ የጋራ የሕክምና ቀን ቢወስኑ፣ ጎረቤታሞች መድኃኒቱን ተካፍለው ቢጠቀሙና የፈንግል ክትባቱም ለዚሁ ጊዜ ታቅዶ ቢቀርብ የሁሉም ወጪ ይቀንሳል። ለዚህም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች መድኃኒቱን ከኅዳር 15 በፊት በየእንስሳት ጤና ኬላው ማድረስ ይጠበቅባቸዋል።