አምፖሉን ማን ቀየረው፣ ቅናሹን ማን በላው?

እንደ ሐሙሲት ባሉ ከተሞች ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ሒሳቡም ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው በአምፖል ቁጥር ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ግን 1.35 ብቻ። ታዲያ ከኪሱ አውጥቶ የቀየረው ተከራይ ምን አተረፈ? ያው የአንድ አምፖል ይከፍላል። (ግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለማ አምፖል መቁጠሩ ራሱ ቀልድ ነው።)

በዚያ ላይ ታሪፉ እርከን አለው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይወደዳል። አራት ድሃ ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር እንደ አንድ ሀብታም ይታያል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነጻ ቀይሮ ሰጥቶ ነበር። ዛሬ ተከራይ የቸገረው ቆጣሪ ነው። እሱ እስኪመጣ፣ አከራዮች ሆይ፣ በአምፖል ሳይሆን በዋት አስሉ።