ስምንት ቃል በአርባ ደቂቃ፦ ፕሮጀክተር ሳንጠብቅ እንግሊዝኛ እናስተምር



ክረምት በመጣ ቁጥር በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ያሉ ወጣቶቻችን ተሰባስበው ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ማሻአላህ፣ በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ወሬ ይነሳል፦ «መጽሐፍ አይበቃም፣ ፕሮጀክተር የለም፣ ኔትወርኩ አይታመንም፤ በምን እናስተምር?» እጥረቱ እውነት ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን ያለ ፕሮጀክተርም ጥሩ የቃላት ትምህርት ማስተማር ይቻላል፤ ያለ ዕቅድ ግን አይቻልም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በኦሮሚያ ልጆቻችን እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እንግሊዝኛ እስከዚያ ድረስ ከሌሎቹ እንደ አንዱ የትምህርት ዓይነት ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ኬሚስትሪውም በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አንልም። ሆኖም ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቅ እንኳ አይጠቅመውም። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከገጠር ተፈናቅለው ወደ ከተማ ከመጡት ልጆች መካከል ዓመታት የባከኑባቸው አሉ። ለእነዚህ ልጆች የክረምቱ ትምህርት ቀልድ አይደለም።

እስቲ የተለመደውን አሠራር እንመልከት። አስተማሪው ሰሌዳውን በሠላሳ ቃል ይሞላዋል፤ የእንስሳት ስም፣ የፍራፍሬ ስም፣ የቤት ዕቃ ስም። ከጎኑ ትርጉሙን ይጽፋል። ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግማሉ፤ ሰዓቱ ያልቃል። በሳምንቱ ብንጠይቃቸው አምስቱን እንኳ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ደብተሩ ተሞልቷል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ግን አልገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያው የዕቅድ ሥራ ቃል መምረጥ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅሙ 2,000 ገደማ ቃላትን ዝርዝር አሳትሟል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አውጥታለች። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቃል ሁሉ እኩል አይደለም። ለ9ኛ ክፍል ልጅ ከ«ዝሆን» እና ከ«አናናስ» በፊት የሚያስፈልጉት በየፈተናው የሚመጡት ናቸው፤ «ኮምፔር» ማለትም አወዳድር፣ «ዲስክራይብ» ማለትም ግለጽ፣ «ኢንክሪስ» መጨመር፣ «ዲክሪስ» መቀነስ፣ «ኮዝ» መንስኤ፣ «ሪዘልት» ውጤት፣ «ሜዠር» መለካት፣ «ኤክስፕሌን» አብራራ። እነዚህን ስምንቱን በደንብ የያዘ ልጅ በባዮሎጂም በጂኦግራፊም በር ይከፈትለታል።

ሁለተኛው ጊዜን መከፋፈል ነው። ሃምሳ ልጅ፣ አንድ ሰሌዳና አንድ ጠመኔ ይዘን አርባ ደቂቃ አለን እንበል። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ደብተር ሳይከፈት ያለፈውን መጠየቂያ ይሁን። በሚቀጥለው አሥር ደቂቃ ስምንቱን ቃል እናስተዋውቅ፤ አስቀድመን ድምፁን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን፣ ከዚያ በዓረፍተ ነገር ውስጥ። አሥራ አምስቱ ደቂቃ የልጆቹ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይጠያየቁ፣ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። በአምስት ደቂቃ ሰሌዳውን አጥፍተን ከአእምሯቸው እናስወጣ። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በዚህ ዕቅድ አስተማሪው ከተማሪው ያነሰ ነው የሚያወራው። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ዕቃውስ? ዕቃው እጃችን ላይ ነው። አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዘን ስንጨምርበትና ስናፈስለት «ኢንክሪስ» እና «ዲክሪስ» ያለ ምንም ትርጉም ይገባሉ። ሁለት ልጆችን አስነስተን ቁመታቸውን በገመድ ብንለካ «ሜዠር» እና «ኮምፔር» አለቀላቸው። የፓስታና የሳሙና ካርቶን ተቆርጦ የቃል ካርድ ይሆናል። ልጆቹ ከቤታቸው የመድኃኒት ካርቶን፣ የሳሙና ልጣጭ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ጽሑፍ ይዘው ይምጡ። የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ የተጣራ ክብደት፣ «ደረቅ ቦታ አስቀምጥ»፣ «ከመጠቀምህ በፊት በደንብ በጥብጥ»፤ እነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ልጁ በየቀኑ እያያቸው ያልፋል። የአካባቢያችን ቡና እንኳ ወደ ውጭ ሲላክ ከነቀምቴ ስም በወጣው «ለከምፕቲ» በሚል የንግድ ስም ይታወቃል። የአባቱን ቡና የሚለቅም ልጅ ይህን ቢያውቅ ቋንቋው የሩቅ አገር ነገር አይመስለውም።

ሦስተኛው ነገር በወለጋ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በቁቤ ማንበብ የለመደ ልጅ የእንግሊዝኛን ፊደላት ቀድሞ ያውቃቸዋል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን አንዳንዶቹ ፊደላት ድምፃቸው ይለያያል። በቁቤ «ሲ» የ«ጭ» ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያይ ወደ «ጫት» የቀረበ ነገር ያነባል! «ኤክስ» በቁቤ «ጥ» ስለሆነ «ቦክስ» የሚለው «ቦጥ» ይሆንበታል። «ፒ» እና «ኤች» ሲጣመሩ «ጵ» ስለሆኑ «ፎቶ» የሚለው «ጶቶ» ይሆናል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ልጁ የተማረውን ሕግ በትክክል እየተጠቀመ ነው። ስቀን ከማሸማቀቅ ይልቅ አራት አምስት የሚለያዩ ፊደላትን በአንድ ካርቶን ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ቤታቸው አማርኛ የሆነ ልጆች ችግራቸው ሌላ ነው፤ «ስኩል» ለማለት «እስኩል»፣ «ስቱደንት» ለማለት «እስቱደንት» ይላሉ። አስተማሪ ማን የት ጋ እንደሚደናቀፍ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አራተኛው ክለሳ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ሰው የተማረውን መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንደሚረሳ፣ እየቆየ ሲሄድ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኛ መድረሳ ያደግነው ይህን በተግባር እናውቀዋለን። ሒፍዝ የሚያደርግ ደረሳ አዲሱን ብቻ ይዞ አይሮጥም፤ የሰሞኑን ይደግማል፣ የቆየውንም ይከልሳል። ሙራጀዓ የሌለው ሒፍዝ እንደሚበንን ሁሉም ያውቃል። ለእንግሊዝኛም ሦስት ፌስታል ይበቃናል፦ አንዱ የየዕለት፣ አንዱ የሳምንት፣ አንዱ የወር። ልጁ ያወቀው ካርድ ወደ ቀጣዩ ፌስታል ያልፋል፤ የረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ቁርኣንን ትርጉሙን ሳያውቅ የሚቀራ ሰውም አጅር ያገኝበታል፤ ዒባዳ ነውና። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደድ ምንም ጥቅም የለውም። ከመድረሳው ክለሳውን እንውሰድ፤ በጋራ ጮኾ መድገምን ብቻ ወስደን «አስተማርን» አንበል።

«መስጂድ ግቢ ውስጥ እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ታላላቆች አሉ። በአክብሮት የምንመልሰው ይህን ነው፦ ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ የአይሁድን ጽሕፈት ግማሽ ወር ባልሞላ ጊዜ እንደተማረ ተዘግቧል። የሌላውን ቋንቋ መማር ከቀድሞ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። «የራሳችን ቋንቋ ይረሳል» ለሚሉም፣ ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ የዓረብኛ ሊቅ ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአፋን ኦሮሞ የራሱን ፊደል ፈጥረዋል። ብዙ ቋንቋ ማወቃቸው ከቋንቋቸው አላራቃቸውም። እኛም ትርጉሙን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ አስረድተን ልምምዱን በእንግሊዝኛ ብናደርግ ማንም አይጎዳም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሒሳቡን እንሥራው። በሳምንት ሦስት ቀን ብናስተምር፣ በሁለቱ ቀን ስምንት ስምንት አዲስ ቃል፣ ሦስተኛው ቀን ክለሳ ብቻ ቢሆን፣ በስምንት ሳምንት 128 ቃል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ልጁ የሚያነባቸው፣ የሚጽፋቸውና በፈተና ወረቀት ላይ ሲያያቸው የማይደነግጥባቸው 128 ቃላት ደብተር ሞልተው ከሚቀሩ አንድ ሺህ ቃላት ይበልጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ካርቶን፣ መቀስ፣ ጠመኔና ከትምህርቱ በፊት ቁጭ ተብሎ የሚታቀድ ግማሽ ሰዓት ነው። ፕሮጀክተሩ ኢንሻአላህ አንድ ቀን ይመጣል። የዘንድሮ 9ኛ ክፍል ተማሪ ግን አይጠብቀንም፤ መስከረም ይገባል።

አላህ ሥራችንን ያግራልን። በየከተማችሁ የምታስተምሩ፣ የሠራላችሁን ዘዴ ጻፉልን፤ ለሌሎች እናድርሰው።