የቁልቁለት ጉልበት፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የማይቆጠረው የጡንቻ ሥራ

ጉልበት የሚለው የአማርኛ ቃል ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበትን መገጣጠሚያ፣ የሰውነትን ብርታትና በሥራ ላይ የሚውለውን የሰው ኃይል በአንድነት ይጠራል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ይህ የቃል ዝምድና በየዕለቱ ይታያል። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በሽሎ ከዓባይ ጋር በሚቀላቀልበት የስማዳ ቆላ ደግሞ ምድሪቱ ከ1,500 ሜትር በታች ትወርዳለች። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ገበሬ እርሻው፣ ውኃው፣ ወፍጮውና ገበያው በአንድ ከፍታ ላይ አይገኙለትም። የወጣውን ይወርዳል፤ የወረደውንም መልሶ ይወጣል። ይሁን እንጂ የጡንቻ ትምህርትም ሆነ የጉልበት ሥራ ስሌት በዋናነት የሚያተኩሩት በመውጣቱ ላይ ነው። መውረዱ እንደ ዕረፍት ይታያል። ይህ አመለካከት በፊዚዮሎጂ ሲመረመር ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ጉዳት አለው።

የአጽም ጡንቻ በጅማት አማካይነት ከአጥንት ጋር የተያያዙ ረዣዥም ሕዋሳት ጥቅል ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ማዮፋይብሪል የሚባሉ ክሮችን ይይዛል፤ ክሮቹም ጫፍ ለጫፍ በተደረደሩ ሳርኮሜሮች የተሠሩ ናቸው። ዘና ባለ ጡንቻ ውስጥ የአንድ ሳርኮሜር ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ከ400 እስከ 500 የሚሆኑ ሳርኮሜሮች ይሰለፋሉ። በየሳርኮሜሩ ውስጥ ቀጭኑ አክቲንና ወፍራሙ ማዮሲን ጎን ለጎን ተሰድረዋል። የነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል፤ ካልሲየሙ ትሮፖኒንን ሲይዝ በአክቲን ላይ ተጋርዶ የነበረው መያዣ ይገለጣል። የማዮሲን ራሶች አክቲንን ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣ ኤቲፒ ሲደርሳቸው ይለቃሉ፣ እንደገናም ይይዛሉ። አክቲንና ማዮሲን ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ይህን አንድሪው ሃክስሌይና ሮልፍ ኒደርገርከ በአንድ ወገን፣ ሂዩ ሃክስሌይና ጂን ሃንሰን በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በኔቸር መጽሔት በአንድ እትም አሳውቀዋል። (ሁለቱ ሃክስሌዮች በሥጋ አይዛመዱም፤ ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ እንደ ወንድማማች ይቆጥሯቸዋል።)

ለዚህ ሂደት የተሰጠው «መኮማተር» የሚለው ስም ግን ተማሪውን በግማሽ ያሳስተዋል፤ የሚሠራ ጡንቻ ሁልጊዜ የሚያጥር ይመስለዋልና። ሰው ዳገት ሲወጣ የጭኑ የፊት ጡንቻ በርግጥ እያጠረ ይሠራል። ቁልቁለት ሲወርድ ግን ይኸው ጡንቻ እየሠራ ይረዝማል፤ ሥራውም የሰውነቱንና የሸክሙን ክብደት እየገታ ማውረድ ነው። የማዮሲን ራሶች ይይዛሉ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል፣ ብዙዎቹም ኤቲፒ ሳያወጡ በጉተታው ይላቀቃሉ። ስለዚህ እየረዘመ የሚሠራ ጡንቻ እያጠረ ከሚሠራው የበለጠ ኃይል በአነስተኛ ወጪ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1952 አቦት፣ ቢግላንድና ሪቺ ሁለት ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ አቁመው በሰንሰለት አገናኙ፤ አንዱ ሰው ፔዳሉን ወደፊት ሲመታ ሌላው ይገታዋል። የሚገታው ሰው የተጠቀመው ኦክስጅን ከሚመታው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሰውነቷ አነስተኛ የነበረችው ብሬንዳ ቢግላንድም ግዙፍ ባልደረባዋን ያለ ብዙ ድካም ልትገታው ቻለች።

የዚህ ርካሽ ሥራ ዋጋ የሚከፈለው በኋላ ነው። ጡንቻው በሸክም እየተለጠጠ ሲሠራ ደካማዎቹ ሳርኮሜሮች ከልክ በላይ ይሳባሉ፤ ከተደጋገመም የክሮቹ ሥርዓት ይዛባል። ሕመሙና መደንደኑ በዚያው ሰዓት አይሰማም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፤ የጡንቻው ኃይልም ለቀናት ቀንሶ ይቆያል። ትንፋሽና ላብ ብቻ የሚያይ ተመልካች ይህን ጉዳት አያገኘውም።

ነገሩ ከመማሪያ ክፍል የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። ተጠቃሚው ለሚያገኘው እህል ወይም ገንዘብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ የሥራው ዋና ክፍልም የአፈርና የውኃ ጥበቃ ነው። በተለመደው የሥራ መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይጠይቃል። መለኪያው የተሠራውን እርከን ርዝመት ይቆጥራል። ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች በትከሻ መጣ ወይስ በዚያው ከፍታ ከጎን ተለቀመ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። እንዲያውም ድንጋይን ከላይ ማውረድ እንደሚቀል ስለሚታሰብ ይመረጣል። ለሳንባ በርግጥ ይቀላል።

በዚህ ላይ ወቅቱ አለ። ሥራው የሚከናወነው ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ሆኖ፣ ጎተራው እየሳሳ ወደ ክረምቱ ይጠጋል። ጡንቻ ደግሞ የእንቅስቃሴ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሰውነት ትልቁ የፕሮቲን ማከማቻ ነው። ምግብ ሲያንስ የጡንቻ ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይፈርሳል፤ ጉበትም ከዚህ ለአንጎል የሚሆን ግሉኮስ ይሠራል። የተጎዳ የጡንቻ ክር የሚጠገንበት ፕሮቲን በሌላ በኩል ለማገዶ ይወጣል ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከ6 እስከ 59 ወር ያለን ሕፃን ክንድ በቴፕ ለክታ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን አደጋውን ትለያለች። ቴፑ የሚለካው ከሞላ ጎደል ጡንቻንና ስብን ነው። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራው ነጻ ይደረጋሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ድንጋዩን የሚያወርደው የሌላው ጎልማሳ ጭን ግን አይለካም።

የአካባቢው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለወረደ ለምዶታል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ለቁልቁለት የተለማመደ ጡንቻ በሚቀጥለው ጊዜ ጉዳቱ በጣም እንደሚቀንስለት በሚገባ የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ መሥራት እንኳ ለሳምንታት ይከላከላል። ነገር ግን ባዶ እጅ መውረድና ድንጋይ ተሸክሞ መውረድ እኩል አይደሉም፤ ልማዱም የሚገነባው በጥገና ሲሆን ጥገናው ምግብ ይሻል። ክርክሩ በቁም ነገር ከተያዘ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው፦ በሥራው የመጀመሪያ ሳምንት ሸክሙ አነስ ብሎ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ ድንጋይም በተቻለ መጠን ከእርከኑ መስመር ጎን ይለቀም።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከጉና ምዕራባዊ ተዳፋት አጠገብ ይገኛል። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ የእንቁራሪት ባት በመንጠቆ አስሮ ሲያጥር ከመመዝገብ አልፎ፣ የሠራተኞችን የጉልበት መዘርጊያ ኃይል ከሥራው በፊትና ከሥራው ሁለት ቀን በኋላ፣ በጥርና በሰኔ ቢለካ፣ የ250 የሰው ቀኑ መለኪያ ለዳገቱና ለቁልቁለቱ ለየብቻ ሊሰላ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ ዳይናሞሜትር በቦርሳ ይያዛል።