የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሳይወድቁ መታመም
የዚህ እትም ዐቢይ ጉዳይ የአልኮል ጥገኝነት ነው። ሰካራም የምንለው መንገድ ላይ የወደቀውን ነው፤ ማልዶ ሥራ የሚገባውን፣ ደመወዙን ለቤቱ የሚያደርሰውን ግን ማንም አይጠረጥረውም። ምልክቱ ግን መውደቁ ሳይሆን መጠጡ በሰውየው ላይ ያገኘው ሥልጣን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ10 ጥያቄ መመዘኛም ይህንኑ ይመረምራል፦ ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቅቶዎት ያውቃል? ሌሊቱን ጠጥተው ሲያድሩ ጠዋት ለመነሣት መጠጥ አስፈልጎዎታል? ዘመድ ወይም ሐኪም «ቢቀንሱ» ብሎዎታል? ከ40ው 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ባለሙያ ቢያየው ይገባል።

«ጠላና ጠጅ ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንግዳ የሚቀበሉበት ጠላና በማለዳ ተደብቀው የሚጨልጡት አረቄ አንድ አይደሉም፤ ባህሉ ራሱ ይለያቸዋል። «ወንድ ከሆነ በቃኝ ብሎ ይተው» ለሚሉት ግን መልሴ ጠንከር ያለ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ አንዳንዱንም እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል፣ ያቃዠዋል፣ እስከ ሞትም ያደርሰዋል። ስለዚህ ፀበል የሚሄድም ቢሆን (እምነቱን ማንም አይንካበት) አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ሕክምናው አለ፤ መጠጡን በክትትል ማስቆም፣ የምክር አገልግሎት፣ መድኃኒትም ጭምር። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ታማሚው እምቢ ካለም ቤተሰቡ ቀድሞ ባለሙያ ያማክር።