አገር ጠባቂው ዕውቀት ተረካቢ ይሻል

ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦን ለመቀመጫነት ሲመርጡ ያዩት ለጠላት የማይመቸውን ከፍታውን ነበር። ከዚያ ላይ የሚመጣው ከሩቅ ይታያል፤ ከሩቅ የታየም ሳይደርስ ይመከራል። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህም ተራራው ያንን ግብሩን አልጣለም። ዛሬ በዚያው ሸንተረር ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖችና የሳተላይት መረጃ መቀበያ አንቴና ቆመዋል። ያኔ ዘበኛ በሚያድርበት ቦታ አሁን ተመራማሪ ያድራል። ጥያቄው ግን ያው የጥንቱ ነው፤ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚያይ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ የሚጠይቀው እኛን ነው። ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ በየካ መንደሮች እንጦጦን ከደጃችን እያየን ያደግን እኛን ነው። ፊዚክስና ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና ምሕንድስና ተምረን የወጣነውን፣ ገና በትምህርት ገበታ ላይ ያለነውን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ይዘን የተቀመጥነውን ነው።

ስለ አገር ጥበቃ ሲነሣ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ጠመንጃውና ወደ ሰልፉ ነው። ከሰልፉ ኋላ ግን ስሙ የማይጠራ ሠራተኛ አለ፤ የመከላከያ ምርምር ፕሮግራም የሚመራው የመንግሥት ሳይንቲስት። የትኛው ችግር አስቀድሞ ይጠና፣ ያለው ገንዘብ በየትኛው ላይ ይዋል፣ ከላቦራቶሪ የወጣው ነገር ሜዳ ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። ሥራው ሲሰምር ወሬ የለውም፤ አደጋው ሳይደርስ ቀርቷልና። ሥራው ሲጎድል ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ አንዳንዴም ገና ያልተወለደ ሰው።

ያንን ዋጋ ይህች አገር በገላዋ ታውቀዋለች። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ በኩል የዘመተው የራስ እምሩ ጦር፣ ከኢጣሊያ አውሮፕላን ለወረደበት የሚያቃጥል ፈሳሽ ስምም መድኃኒትም አልነበረውም። የነካው እጅና እግሩ ተላጠ፤ ወንዙን የጠጣ ወደቀ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ፣ በዘረት ዋሻ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ያው መርዝ ወረደ። ወኔ ጎደለ የሚል የለም፤ ጦርና ጎራዴ ይዞ ወደ መትረየስ የሮጠ ሕዝብ ነው። የጎደለው መርዙን በስሙ የሚጠራ ኬሚስት ነበር። የጎደለው ጭምብል የሚሠራ ወርክሾፕ ነበር። የጎደለው ከዓመታት በፊት ተቀምጦ «ይህ ሊመጣብን ይችላል» ብሎ የሚያጠና፣ ሲያጠናም የሚደመጥ ሰው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የሕዝባቸውን በደል ሲያሰሙ፣ መርዝ ጋዝን የሚከለክለው ውል የጸና ነበር፤ ኢጣሊያም ፈርማበት ነበር። ውሉ ለብቻው አላዳነንም።

ከዚያ 70 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ዓፄ ቴዎድሮስ ይህን ጉድለት አይተውታል። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የውጭ አገር ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ያገሩ ወጣቶችም ከሥራቸው ሆነው ሙያውን እንዲለምዱ አደረጉ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደሉ እየተደረመሰ፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ከወራት በኋላ መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወድቁ ባለእጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። ብረቱ ቀረልን፣ ዕውቀቱ ሄደብን። መድፉን የሚያደንቅ ትውልድ በየዘመኑ ተነሣ፤ ከሠሪዎቹ የተማረ፣ ከተማረውም ደግሞ የተማረ፣ እንዲያ እያለ እኛ ዘንድ የደረሰ ግን የለም። ስለ ጋፋት በተነሣ ቁጥር የሚያንገበግበን ይኸው ነው።

እኛ የተገኘነው የተቆረጠው ክር እንደገና መፈተል በጀመረበት ዘመን ነው። በ1996 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ሲመሠርቱ፣ ዳቦ በተቸገረ አገር ሰማይ ማየት ምን ይሉታል ያላቸው ብዙ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተመረቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ሰው እንጦጦ ላይ ተሰብስቦ፣ 72 ኪሎ የምትመዝነው ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ታይዩዋን ስትመጥቅ በስክሪን ተመለከተ። ገንዘቡ በአብዛኛው የቻይና ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልገንም። ከቻይናዎቹ ጋር በንድፉና በግንባታው የተሳተፉት፣ መረጃዋንም ከእንጦጦ ሆነው የተቀበሉት ግን የእኛ ወጣት መሐንዲሶች ነበሩ። ሳተላይቷ ለእርሻ፣ ለውኃና ለደን ጥናት የታሰበች ነበረች። ቢሆንም የአዝመራን መክሳት ከረኃቡ በፊት የሚያይ ዓይን የአገር ዘብ መሆኑን ድርቅን የምናውቅ እኛ አንስተውም። ለ2 ዓመት አገልግሎት ነበር የተሠራችው። የዚች ዓይነት ሳተላይት ዕድሜዋ ያጥራል፤ እርሷን ሲሠሩ የተማሩት ልጆች ዕውቀት ግን ለሌላ ካስተላለፉት ዕድሜው አያልቅም።

ሌላውም ግንባር እንዲሁ ነው። የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ኢንሳ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሲቃረብ፣ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ለሕዝብ አስታወቀ። ተኩስ አልተሰማም፤ ጭስ አልታየም። ሌሊቱን ሰርቨር ላይ አፍጥጠው ያነጉ፣ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ ልጆች ነበሩ።

እስኪ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ሰኔ ነው እንበል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በፕሮግራም ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ የአንድ የመስክ ሬዲዮ ፋይል ተቀምጧል። ሬዲዮው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ እንከን ሠርቷል። እንጦጦ ላይ፣ በክረምቱ ጉምና ዝናብ ሲሞከር ግን ባትሪው ግማሽ ቀን እንኳ አልዘለቀም። የተሻለ ባትሪ ለማምጣት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አለ፤ ጨረታው ራሱ ወራት ይፈጃል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ የመጪው ዓመት በጀትም በዚያው ሰበብ ይቀነሳል። ስልኩ ይጮኻል፤ «ተጠናቋል ብለሽ ላኪውና እንገላገል» የሚል ድምፅ ይመጣል። በሙከራ ሪፖርቱ መጨረሻ አንዲት መስመር ባዶዋን ትጠብቃለች፤ «መስፈርቱን አሟልቷል» ወይም «አላሟላም» ተብሎ ይሞላባታል። «አላሟላም» ብላ ስትፈርም የሚያጨበጭብላት የለም። በሩቅ ጠረፍ፣ በሌሊት፣ ዝናብ እየወረደበት «ሰማችሁኝ?» እያለ የሚጣራ ወታደር ግን ሕይወቱ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። የእኛ አርበኝነት የሚፈተነው እዚህች መስመር ላይ ነው።

ፋይሉም ከእርሷ በኋላ የሚያነበው ያስፈልገዋል። አሜሪካ በሶቭየቷ ሳተላይት በስፑትኒክ ከተቀደመች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ዛሬ ዳርፓ የሚባለውን የመከላከያ ምርምር ተቋም መሠረተች፤ የኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት የተዘረጋው በዚህ ተቋም ነው። የተቋሙ የፕሮግራም ኃላፊዎች ባብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ሠርተው ይሄዳሉ። ሰው ይመጣል ይሄዳል፤ ሥራው የሚቀጥለው ርክክቡ የጠበቀ ስለሆነ ነው። በእኛ ቤት ግን አንድ ባለሙያ ሲለቅ ላፕቶፑን ለንብረት ክፍል ያስረክባል፤ በአእምሮው ያለውን የሚረከበው የለም። ክሊራንሱ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ ተቆጥሮ፣ ያልተሳካው ሙከራ ለምን እንዳልተሳካ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ሳይጠየቅ ይቀራል። ተተኪውም ያንኑ ስሕተት ከሀ ይጀምረዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ትናንሽ ጋፋቶች እንዲህ ይዘጋሉ።

ከዕውቀቱ ጋር አብሮ የሚወረስ አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ ኃይልን በልጓም መያዝ። በ1928 ዓ.ም. ዋና ከተማዋ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ ነቀምት ላይ የተሰባሰቡት የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ድርጅት አባላት ብዙዎቹ እንደ እኛ ወጣቶች ነበሩ፤ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ሠልጣኞችና በውጭ አገር የተማሩ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሠለጠኑ የእንስሳት ሐኪም፣ የሳይንስ ሰው ነበሩ። አገር በምትቃጠልበት በዚያ ሰዓት እነዚያ ወጣቶች 10 አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። የፖለቲካው አመራር ከጦሩ በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይጉላላ፣ ምርኮኛ እንዳይጎዳ ደነገጉ። መርዝ ከሰማይ ለሚያዘንብ ጠላት ምርኮኛ ምሕረት ጻፉ! ከእነርሱ በላይ የተጨነቀ፣ ከእነርሱ በላይ ለበቀል ምክንያት የነበረው ትውልድ የለም። እነርሱ በዚያ ሰዓት ለኃይላቸው ልጓም ካበጁለት፣ ቢሮ ተቀምጠን ንድፍ የምንነድፍ እኛ ምን ሰበብ አለን? በቅርብ ዓመታት በገዛ ምድራችን፣ በወንድማማች መካከል የፈሰሰውን ደም አይተናል። የምንሠራው መሣሪያ በማን ላይ ሊዞር እንደሚችል መጠየቅ ከሥራ መዘርዝራችን ውጭ ነው የሚለን ቢኖር አንቀበለውም። የምንሠራው ለሕዝቡ ጥላ ሊሆን ነው። በሕዝቡ ላይ ጥላውን የሚያጠላ ነገር ከእጃችን እንዳይወጣ «አይሆንም» ማለትም የዚሁ ሙያ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኩዮቼ፣ ሰዓቱ የእኛ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኹት እንዳንሆን ሰዓቱ የእኛ ነው። አባቶቻችን ባዶ እጃቸውን ይዘው አገር አቆዩልን፤ እኛ ዕውቀት ይዘን አገር ልናስደፍር አይገባም። አባቶቻችን የመጣባቸውን መርዝ ስሙን ሳያውቁ ተጋፈጡት፤ እኛ ስሙን፣ መነሻውን፣ ማክሸፊያውን የማወቅ ዕድል ተሰጥቶናል። አባቶቻችን መድፉን በትከሻቸው ጎትተው አምባ አወጡት፤ እኛ ዕውቀቱን በትከሻችን ተሸክመን ለልጆቻችን ልናደርስ ተራው ደርሶናል። ዛሬ በየካ አፀደ ሕፃናት ፊደል የምትቆጥር ልጅ በ2050 ዓ.ም. በእኛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ያኔ ፋይሉን ስትከፍት የተሟላ ሥራ ታገኝ እንደሆነ፣ ወይስ እንደ ሴባስቶፖል የምታደንቀው እንጂ የማትደግመው ብረት ታገኝ እንደሆነ፣ የምንወስነው ዛሬ እኛ ነን።

በውጭ አገር ያላችሁም ከዚህ ጥሪ ውጭ አይደላችሁም። ቦንጋ የተወለዱት፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ናሳ ድረስ ሄደው በጠፈር ምሕንድስና ስም አትርፈዋል። እንደ እርሳቸው ያሉ የኢትዮጵያ ልጆች በዓለም ላቦራቶሪዎች ተበትነዋል። መመለስ የምትችሉ ተመለሱ። የማትችሉ በዓመት አንድ ኮርስ አስተምሩ፤ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አማክሩ።

በዚህ ሥራ ላይ ያለን ደግሞ ነገ ቢሮ ስንገባ አንድ ነገር እናድርግ። እያንዳንዳችን ከእኛ በዕድሜ የሚያንስ አንድ ሰው እንምረጥ፤ በሙከራው ቦታ አጠገባችን ይቁም፣ ሪፖርቱን አብሮን ይጻፍ፣ ያልተሳካውንም ሳንደብቅ እናሳየው። ዘንድሮ ሰኔ 30 በጀቱ ሲዘጋ፣ ከንብረት ርክክቡ ቅጽ ጎን የዕውቀት ተረካቢያችን ስም ተጽፎ ይገኝ።